ደብረ ታቦርና የማይታየው ብርሃን

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወረታ ላይ ወደ ምሥራቅ የሚታጠፍ መንገደኛ፣ የፎገራን የሩዝ ሜዳ ከኋላው ትቶ ሽቅብ መውጣት ሲጀምር አየሩ እየቀዘቀዘ፣ ማሳውም ወደ ገብስና ወደ ድንች እየተለወጠ ይሄዳል። መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ደብረ ታቦር ይደርሳል። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተቀመጠ ነው፤ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚወጣው የጉና ተራራም ከቅርብ ርቀት ይጠብቀዋል። በዚህ ዘመን የመንገዱን ሰላም ጠይቆ መነሣት ግድ ቢሆንም፣ ለደረሰ ሰው አገሩ ብዙ የሚያሳየው ነገር አለው።

ስሙ ራሱ የብርሃን ስም ነው። ክርስቶስ ብርሃነ መለኮቱን በገለጠበት በታቦር ተራራ የተሰየመ ስለ ሆነ፣ ነሐሴ 13 ቀን የቡሄ በዓል በሚውልበት ጊዜ ከተማው የገዛ ስሙን ያከብራል ማለት ይቻላል። በታሪክም ቢሆን ትንሽ ቦታ አይደለም። የየጁ መሳፍንት መቀመጫ ነበር፤ በ1834 ዓ.ም. ራስ ዓሊና ደጃዝማች ውቤ የተዋጉት እዚሁ ነው፤ ኋላም ዐፄ ቴዎድሮስ መናገሻቸው አድርገውታል።

ነገር ግን ተማሪና ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያየው የሚገባው ቦታ ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኘው ጋፋት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ከአውሮፓ የመጡትን የእጅ ሙያ ያላቸውን ሚሲዮናውያን በዚያ አሰፈሩ፤ የአገር ልጆችም ከእነርሱ ዘንድ ሙያ እንዲማሩ አደረጉ። ሚሲዮናውያኑ መድፍ የመሥራት ልምድ አልነበራቸውም፤ ቢሆንም ንጉሠ ነገሥቱ አልተዉአቸውም። ምድጃ ተሠራ፤ ሙከራው ከሸፈ፤ እንደገና ተሠራ፤ በመጨረሻም ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተወለደ። ያን መድፍ ሕዝብ በገመድ እየጎተተ፣ መንገዱ በፊቱ እየተጠረገለት፣ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ አወጣው። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ሞቱ፤ የጋፋት ሠራተኞችም ከእንግሊዝ ጦር ጋራ ወጡ። መድፉ በመቅደላ ቀረ፤ ጥበቡ ግን ከሰዎቹ ጋራ ሄደ። የጋፋት ትምህርት እዚህ ላይ ነው፤ የተሠራ ዕቃ ብቻውን አገር አያስተምርም፤ አሠራሩን የያዘ እጅ ካልቀረ ዕቃው ሐውልት ይሆናል።

ይህን አሳብ በልቤ ይዤ ባለፈው የጥር ዕረፍት ወደ ደብረ ታቦር ስሄድ፣ በሻንጣዬ ውስጥ አንዲት ትንሽ ጥቅል ነበረች። በውስጧ ያለው የሪሞት ምልክት የሚቀበል መሣሪያ ነው፤ ግን ያልተገጣጠመ። አንድ ባዶ ሰሌዳ፣ ጥቂት ሬዚስተርና ካፓሲተር፣ አንድ ፕሮግራም የሚቀበል ቺፕ፣ አንድ ጥቁር ዓይን የመሰለ መቀበያና መብራት የሚያበራና የሚያጠፋ ሪሌ ነበሩባት። በአንድ ዘመዴ ቤት ስድስት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ተሰበሰቡና ሥራው ተጀመረ።

ከስድስቱ አንዱ ከሴት አያቱ ጋራ የሚኖር ልጅ ነበር። እግራቸውን ስለሚያማቸው እማማ ማታ ተነሥተው መብራት ማጥፋት አይችሉም፤ እርሱ ቤት ከሌለ መብራቱ ሲበራ ያድራል፤ ወይም በጨለማ ይቀመጣሉ። «መምህር፣ ይህ ነገር ለእማማ ይሆናልን?» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ሥራው የጨዋታ መሆኑ ቀረ።

የሪሞቱ ምሥጢር እንዲህ ነው። በአፉ ላይ ያለችው ትንሽ አምፑል የምታወጣው ብርሃን ከቀይ ቀለም ወዲያ ያለ ስለ ሆነ ዓይናችን አያየውም። ይህን ዓይነት ብርሃን ሄርሸል የተባለው የሥነ ፈለክ ሊቅ በ1800 እ.ኤ.አ. በቴርሞሜትር ደረሰበት፤ የፀሐይን ብርሃን በመስተዋት ከፍሎ ከቀዩ ቀለም ውጭ ምንም በማይታይበት ስፍራ ሙቀት አገኘ። ዛሬ ግን የብዙ ስልኮች ካሜራ ያየዋል፤ ተማሪዎቹም የሪሞቱን አፍ በስልክ ሲመለከቱ ወይን ጠጅ መስሎ ብልጭ ሲል አይተው ተገረሙ።

ብርሃኑ ዝም ብሎ አይበራም፤ በሴኮንድ 38,000 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። መቀበያው ይህን ርግብግቢት ብቻ ለይቶ ይሰማል። ከዚያም በብዙ ሪሞቶች ዘንድ በታወቀው ሥርዐት መሠረት አስቀድሞ የ9 ሚሊ ሴኮንድ ብርሃንና የ4.5 ሚሊ ሴኮንድ ዝምታ ይመጣል፤ ሚሊ ሴኮንድ የሴኮንድ ሺህኛ ክፍል ነው። ይህ «ስማ!» እንደሚል የነጋሪት ምት ነው። ቀጥሎ 32 ምልክቶች ይከተላሉ። ብልጭታው ሁሉ እኩል ነው፤ የሚለያየው በመካከሉ ያለው ዝምታ ነው፤ አጭር ዝምታ ዜሮ፣ ረዥም ዝምታ አንድ ይባላል። የመሣሪያው አድራሻና የተጫነው ቁልፍ ቁጥር እያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ በቀጥታ፣ አንድ ጊዜ ተገልብጠው ይላካሉ፤ ሁለቱ ካልተስማሙ መቀበያው መልእክቱን ይጥለዋል። ምስክር ሳይቆም ፍርድ አይሰጥም ማለት ነው።

በአገጣጠሙ ጊዜ ሥርዐቱ ከአጭሩ ወደ ረዥሙ መሄድ ነው፤ አስቀድሞ ሰሌዳው ላይ የሚተኙት ሬዚስተሮች፣ በመጨረሻ ሪሌው። በጋለ ብረት ቀጭኑን የቆርቆሮ ሽቦ ማቅለጥ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ብረቱ ሰሌዳውንም የዕቃውንም እግር አብሮ ማሞቅ አለበት። ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ያለው ካፓሲተር ተገልብጦ ከገባ ይበላሻል፤ ስለዚህ አንዱ ሲበይድ ሌላው ሥዕሉን ይዞ ይቆጣጠር ነበር። ባለ 220 ቮልቱን የቤት መስመር ማንም እንዳይነካ ከለከልሁ፤ በፀሐይ ኀይል በሚሞላ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ላይ አንድ ትንሽ አምፑል አሰርን። ይህ ከአደጋ አዳነን፤ ከተማው መብራት በሚጠፋበት ሌሊትም የእማማ አምፑል ይበራል።

ፕሮግራሙ ሲጫን ቺፑ የቁልፉን ቁጥር ይማራል። የመማሪያውን ቁልፍ ተጭኖ ሪሞቱን አንድ ጊዜ ማሳየት በቂ ነው፤ ቁጥሩ ኀይል ቢቋረጥም በማይጠፋ የማስታወሻ ክፍል ይጻፋል። ኀይል ሲመለስ አምፑሉ ጠፍቶ እንዲጀምር የመረጡት ተማሪዎቹ ናቸው፤ «እማማ ተኝተው ሳለ ድንገት እንዳይበራባቸው» አሉ።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ መሣሪያው ከሦስት እርምጃ በላይ አልሰማ አለ። የደጋው ፀሐይ በመስኮቱ ገብቶ መቀበያውን እያፈጠጠበት ነበር፤ በፀሐይ ብርሃን ውስጥም ያ የማይታየው ብርሃን ሞልቶአል። ያ ልጅ ከካርቶን እንደ ቱቦ ጠቅልሎ በዓይኑ ላይ ጥላ ሠራለት፤ ከአልጋው እስከ ግድግዳው ሰማ። ይህን በመጽሐፍ አላነበበውም፤ ከገዛ ሰማዩ ተማረው።

እማማ ሪሞቱን ተቀብለው በመጀመሪያ ፈሩት። «ሳልነካው ይታዘዘኛል?» አሉ። ከዚያ አጠፉት፤ አበሩት፤ እንደገና አጠፉትና «ተዉት፣ ጨለማውም ደስ ይላል፤ እኔ ያመጣሁት ነውና» ብለው ሣቁ።

ተሠርቶ ያለቀው ዕቃ በገበያ ርካሽ ስለ ሆነ ለምን ይደከማል የሚል አንባቢ አይጠፋም። መልሱ ጋፋት ነው። ደብረ ታቦር ዛሬ ዩኒቨርሲቲ አለው፤ የቴክኖሎጂ ተቋሙም የጋፋትን ስም ይዞአል፤ ስሙ ግን በየትምህርት ቤቱና በየቤቱ ሥራ ይፈልጋል። እኔ ስመለስ ጥቅሏ ባዶ ነበረች፤ ልጁ የእያንዳንዱን ዕቃ ስፍራና ሥራ በደብተሩ ሥሎ አስቀርቶአል፤ ከጓደኞቹ ሁለቱም ከእርሱ ገልብጠዋል። ወደዚያ አገር የምትሄዱ ሁሉ የጋፋትን ፍርስራሽ ጎብኙ፤ ስትሄዱም ባዶ እጃችሁን አትሂዱ፤ አንድ የሚፈታና የሚገጣጠም ነገር ያዙ።