ከብትን ከዓይን ስለ መጠበቅ፤ በጁባ አጠገብ

በመሥሪያ ቤት ጉዳይ ወደ ጁባ ተልኬ ሳለሁ፤ በአንድ የዕረፍት ቀን ከከተማው በስተሰሜን ወደ ቴሬኬካ በሚወስደው መንገድ ሄጄ የሙንዳሪን ሕዝብ የከብት ሰፈር ለማየት ቻልሁ። ጁባ ከሐምሌ ወር 2003 ዓ.ም. ጀምሮ የነጻዪቱ ደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ ናት፤ ነገር ግን በነጭ ዓባይ ዳር ጥቂት ራቅ ካሉ በኋላ የሚሰማው የመኪና ድምፅ ሳይሆን የከብት እምቧታ ነው።

ማታ ከብቱ ከግጦሽ ሲገባ ወጣቶቹ የኩበቱን ክምር ለኩሰው ሰፈሩን በጢስ ይሸፍኑታል፤ ከዚያም የተረፈውን ለስላሳ አመድ የራሳቸውን ገላና የከብቱን ጀርባ እስከ ረዣዥሞቹ ቀንዶች ድረስ ይቀቡታል። ይህን ባየሁ ጊዜ የአስማት ነገር መሰለኝ፤ አስተርጓሚዬ ግን ስቆ «ለዝንብና ለወባ ትንኝ ነው» አለኝ።

አሳቤን ወደ አስማት የመራው የልጅነት ትምህርቴ ሳይሆን አይቀርም። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ላቲን ስንማር፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ70 ዓመት በማንቱዋ አጠገብ የተወለደው ቨርጂል ስለ እረኞች የደረሳቸውን ዐሥር ቅኔዎች እናነብ ነበር። በሦስተኛው ቅኔ አንዱ እረኛ ጠቦቶቹ ቢከሱበት ማንነቱን የማያውቀው ሰው ዓይን እንዳገኛቸው ይጠረጥራል፤ በሰባተኛው ደግሞ ሌላው፥ ተቀናቃኙ ከመጠን በላይ ቢያመሰግነው ምላሱ እንዳይጎዳው፥ በግንባሩ ቅጠል እንዲታሰርለት ይለምናል። ይህን ሁሉ እንደ ትልቅ ጥበብ ያስተማሩን መምህር፤ እናቴ «ዓይኒ ሰብ» ፈርታ በአንገቴ ያሰረችልኝን ክታብ ግን በመጀመሪያው ሳምንት አስወልቀውኛል። ሁለቱ ነገር አንድ አይደለምን? ብዬ በዚያን ጊዜ ለመጠየቅ አልደፈርሁም።

በሰፈሩ ውስጥ አንድ ነጭ በሬ እጅግ ውብ ሆኖ ቢታየኝ፤ አድናቆቴን ሳልቆጥብ ገለጽሁና ባለቤቱን ሽማግሌ ስንት ከብት እንዳላቸው አስጠየቅሁ። ሽማግሌው ፈገግ ብለው ስለ ዝናቡ መናገር ጀመሩ። በእኛም ዘንድ የሰው ከብት ፊት ለፊት አይቈጠርምና፤ አፈርሁ፤ ምክንያቱንም አላስጠየቅሁም።

ቨርጂል ግን የእረኞቹን ችግር በዓይን ብቻ አልጨረሰውም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ41 ዓመት በኢጣልያ አገር መሬት እየተነጠቀ ለወታደሮች ሲታደል ነበርና፤ በመጀመሪያውና በዘጠነኛው ቅኔ እረኞች ከርስታቸው ሲነቀሉ እናያለን። ለዚያ የሚበጅ ቅጠል አልተገኘም። በጁባም በታኅሣሥ ወር 2006 ዓ.ም. የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣ፤ በመስከረም 2011 ዓ.ም. የሰላም ውል ከተፈረመ በኋላም የከብት ዘረፋው አልቆመም።

ነጩን በሬ አመድ ሲቀባ ያየሁት ወጣት ሥራውን በፈጸመ ጊዜ፤ እጁን በሣር አበሰና ጠመንጃውን አንሥቶ ወደ ሰፈሩ ዳር ሄደ። ሌሊቱን የሚጠብቀው እርሱ መሆኑን ነገሩኝ።