ሠርግ ያዘገየው ነጭ ዱቄት

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ መኪና ባትሪ ነው። «ይሄማ የመካኒክ ወሬ ነው» ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡብኝ። ነገሩ ከኪስም ከትዳርም ይገናኛል።

የዳባትን ብርድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2500 ሜትር በላይ ነን፤ በኅዳር ሌሊት ጋቢ ደርበንም ጥርሳችን ይንገጫገጫል። መኪናም ያው ነው። በብርድ የሞተር ዘይት ይወፍራል፣ የባትሪ ጉልበት ይቀንሳል። ንጋት 11 ሰዓት ላይ የጎንደር ተሳፋሪ የጫነ ሾፌር ቁልፉን ሲያዞር መኪናው «ጠቅ» ብሎ ዝም የሚለው በዚህ ጊዜ ነው።

የማውቀው አንድ ወጣት የሰው ሚኒባስ ይነዳል። አንድ ሰሞን መኪናው በየማለዳው ካልተገፋ አልነሳም አለ። እኔም ተሳፋሪ ሆኜ ሁለት ቀን ገፍቻለሁ። ባለንብረቱ «ባትሪውን የገደልከው አንተ ነህ» አለው። ልጁ እንጀራውን ላለማጣት ለሠርጉ ካጠራቀመው ላይ አውጥቶ አዲስ ባትሪ ገዛ። የጥሩ ሠርግ ከፋሲካ በኋላ ተባለ። እጮኛው አኩርፋ «ከእኔና ከባትሪው ማንን ነው የምታገባው?» አለችው አሉ። ጉዱ ግን ሌላ ነው፤ አዲሱ ባትሪ ገብቶ ወር ሳይሞላው መኪናው እንደገና እምቢ አለ!

ነገሩን የፈቱት ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሾፌር ናቸው። ኮፈኑን አስከፍተው የካቦዎቹን ጫፍ አሳዩን። ነጭ ዱቄት ለብሷል፤ ዳር ዳሩ ሰማያዊ ነው። «ልጄ፣ ጎተራው ሙሉ ነው፤ የተዘጋው በሩ ነው» አሉት። ጠርገው አጥብቀው ሲያስሩት በአንድ ቁልፍ ተነሳ። ልጁም ከፋሲካ በኋላ አገባ። የባትሪውን ገንዘብ ግን ባለንብረቱ እስካሁን አልመለሰለትም።

ዱቄቱ ከየት መጣ? ባትሪ ውስጥ ያለው ውሃና ሰልፈሪክ አሲድ ነው። ባትሪው ቻርጅ ሲሆን ጋዝና የአሲድ ብናኝ ይወጣል፤ እርሳሱንና መዳቡን ይበላል። ነጩ ከእርሳስ፣ ሰማያዊው ከመዳብ የሚመጣ ጨው ነው። ይህ ጨው ኤሌክትሪክ በደንብ አያሳልፍም። ሞተሪኖ ደግሞ ሲነሳ ከ100 አምፒር በላይ ስለሚስብ ትንሿ መሰናክል ትበቃዋለች።

መከላከያው ቀላል ነው። ሞተሩን አጥፉ። ጋዙ ሊፈነዳ ስለሚችል ሲጋራና ክብሪት አይቅረብ። ጓንትና መነጽር ብታደርጉ ደግ ነው። መጀመሪያ የኔጌቲቩን ካቦ ፍቱ፤ ስትመልሱም መጨረሻ እሱን እሰሩ። አንድ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በአንድ ብርጭቆ ውሃ በጥብጡና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እሹት። የባትሪው ክዳኖች ይዘጉ፤ ሶዳው ውስጥ መግባት የለበትም። አረፋው ሲያቆም በንጹሕ ውሃ አጥባችሁ አድርቁ። አጥብቃችሁ ካሰራችሁ በኋላ ከላይ ቫዝሊን ወይም ግራሶ ቀቡት፤ እርጥበትና አሲዱን ይከለክላል።

ኮካ የሚያፈሱም አሉ። ዱቄቱን ያነሳል፤ በውሃ ካልታጠበ ግን ስኳሩ ተጣብቆ ይቀራል።

ውሃ የሚጨመርበት ባትሪ ከሆነ የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ጨምሩ፤ እስከ አፉ አትሙሉት፣ ይገነፍላል። ዱቄቱ ቶሎ ቶሎ ከተመለሰ ዲናሞውን አስለኩ። በባለ 12 ቮልት መኪና ሞተሩ እየሠራ ልኬቱ ከ15 ቮልት ካለፈ ባትሪውን እያፈላው ነው።

እናንተ ባለንብረቶች ደግሞ፣ ሾፌሩን ከመክሰሳችሁ በፊት እባካችሁ ኮፈኑን ክፈቱ። የሰው ሠርግ በአንድ ማንኪያ ሶዳ ይተርፋል። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይሄ ነው።

ቸር ይግጠመን!