ከባሮ ዳር፣ ወደ ሥራ ለሚወጣ መሐንዲስ ልጅ

ለሲቪል ምሕንድስና ተመራቂው ልጅ፤

የመውጫ ፈተናውን አልፎ ዲግሪውን ይዞ ጋምቤላ የገባ ወጣት ገና ከመናኸሪያው ሳይወጣ «ኢንጂነር» ተብሎ መጠራቱ አይቀርም፤ አጠራሩ የአክብሮት ነውና ቅር ሊለው አይገባም፣ ሆኖም መዝገቡ የሚለው ሌላ ነው። በአገሪቱ የባለሙያዎች ምዝገባ አሠራር አዲስ ተመራቂ የሚመዘገበው በግራጁዌት ኢንጂነርነት፣ ማለትም በሌላ ባለሙያ ሥር በሚሠራ ጀማሪ ደረጃ ሲሆን፣ ፕሮፌሽናል ኢንጂነር፣ ከዚያም ፕራክቲሲንግ ፕሮፌሽናል ኢንጂነር ለመሆን የሥራ ልምዱን በማስረጃ ማሳየት ይጠበቅበታል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ሲከፍል፣ ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ካላቸው ጋር የሕዝብ መገልገያዎችንም ከሦስቱ ከፍተኛ በሆነው በምድብ «ሐ» ስላስቀመጠ፣ በጋምቤላ ክልል ኢታንግ ላይ የሚሠራ ባለ አንድ ወለል ጤና ጣቢያ ከአንድ ነጋዴ ፎቅ ቤት የበለጠ ኃላፊነት ሊያስከትል እንደሚችል ልጁ ልብ ይበል።

ልምድ በዓመት ይቆጠራል፤ በጋምቤላ ግን በወቅትም ቢቆጠር ይሻላል። ዐፄ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ ከተቋቋመ በኋላ የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም የሚመጡት ወንዙ በሚሞላበት ክረምት ብቻ ነበር። ያው ወንዝ በበጋ አሸዋውን አውጥቶ ስለሚታይ፣ መሬቱን በጥር ብቻ አይቶ የመሠረት ጥልቀት የሚወስን መሐንዲስ ግማሹን አገር አላየም። ጥቁር አፈር፣ ማለትም ውኃ ሲጠጣ የሚያብጥና ሲደርቅ የሚኮማተር ሸክላማ አፈር፣ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ሲከፍት፣ በክረምት ደግሞ ወለሉን ከታች ወደ ላይ ይገፋል። ውኃው እስከ የት እንደሚደርስ ከአኝዋና ከኑዌር ሽማግሌዎች መጠየቅ፣ በዛፍ ግንድ ላይ የቀረውን የጭቃ መስመር መለካትም የምሕንድስና ሥራ እንጂ ከክብር መውረድ አይደለም።

በመጋቢት ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲያልፍ አርማታ ቶሎ ስለሚጠነክርባቸው የቀን ሠራተኞቹ አንድ ባልዲ ውኃ ይጨምሩበታል፤ ድብልቁ ለአካፋ ይቀላል፣ ትርፉ ውኃ ሲተን ግን የሚተወው ቀዳዳ ጥንካሬውን ይቀንሰዋል። ጀማሪው መሐንዲስ ባልዲውን ማስቆም፣ አርማታውን በማለዳ ማስሞላት፣ ለጥንካሬ ምርመራ የሚወሰደውን ናሙና፣ ኪዩብ የሚባለውን፣ በፊቱ ማስወሰድና ውጤቱን እስከ 28ኛው ቀን መከታተል አለበት። የልምድ ደብዳቤው ላይ የሚጻፈው ዓመት ክብደት የሚያገኘው ከእንዲህ ያሉ ማለዳዎች ነው።

የሙያ ፈቃዱ ከተገኘ በኋላ የሚመጣ ፈተናም አለ። ሳይቱን ያልረገጠ ባለሙያ ፊርማውን በክፍያ የሚሰጥበት፣ በተለምዶ ፈቃድ ማከራየት የሚባለው ነገር በሙያው ውስጥ የታወቀ ነው፤ ገንዘቡ ቀላል መስሎ ይታያል፣ ነገር ግን ፌሮው ስንት እንደሆነ፣ ፌሮውን አቅፎ የሚይዘው ቀለበት፣ ስታፋው፣ በምን ያህል ርቀት እንደታሰረ የማያውቅ ሰው ሕንፃው ሲሰነጠቅ የሚመልሰው የለውም።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ተልኳል። በመጀመሪያው ገጽ የሚሠራበት ቦታ፣ ቀኑና የባሮ ከፍታ ይጻፍበት፤ በነሐሴም ወደዚያው ቦታ ተመልሶ በተቃራኒው ገጽ ላይ ደግሞ ይጻፍ።