ከወለሉ በታች ያለው ባሕር

እናቴ የተወለደችው በላስታ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች አያቷ በበቅሎ አፈናጥጠው ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ወስደዋት ነበር። ከላሊበላ በማለዳ ተነሥተው የደረሱት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እንደ ነበረ፥ ሽማግሌውም ጆሮዋን ከወለሉ ላይ አስጠግታ እንድታዳምጥ እንዳደረጓት፥ ከሥርም የባሕሩን ድምፅ እንደ ሰማች ዘወትር ታጫውተን ነበር። በስተርጅና ዐይኗ ሲፈዝና ጉልበቷ ሲከዳት አንድ ቀን ጠራችኝና፥ «ልጄ፥ እኔ ዳግመኛ ልደርስበት አልችልም፤ አንተ ሂድና ባሕሩ መኖሩን አይተህ ንገረኝ» አለችኝ።

ውድ አንባቢያን፥ «ሐይቅ ዳር የቆመ ቤተ መንግሥት» ሲባል በሐሳባችሁ የሚመጣው ምን ይሆን? ምናልባት ዐፄ ሠርፀ ድንግል በ16ኛው መቶ ዓመት በእንፍራንዝ አቅራቢያ፥ ጣናን ቁልቁል ከሚያሳይ ኮረብታ ላይ ያሠሩት የጉዛራ ግንብ ይሆናል። እኔ የምተርክላችሁ ግን ሐይቁም ቤተ መንግሥቱም በአንድ ዋሻ ውስጥ ናቸው ስለሚባልበት ስፍራ ነው።

ይምርሐነ ክርስቶስ ከዛጔ ነገሥታት አንዱ ሲሆኑ፥ ከቅዱስ ላሊበላ አስቀድመው የነገሡ ናቸው። ስማቸው ግእዝ ነው፤ «ክርስቶስ ይምራን» ማለት ነው። ንግሥናን ከክህነት ጋር አስተባብረው የያዙ እንደ ነበሩም ይነገርላቸዋል። በስማቸው የሚጠራው ቤተ ክርስቲያን ከላሊበላ ከተማ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ወገብ ላይ ይገኛል። የዚህ ተራራ ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,200 ሜትር ይበልጣል።

የሄድሁት በጥቅምት ነበር። እናቴ ቀኑን ሙሉ በበቅሎ የተጓዘችውን ያህል ርቀት መኪናው ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ጨረሰው። ገብሱ ለአጨዳ ደርሶ ነበር። ከመኪናው ወርዶ ዳገቱን በእግር መውጣት ግን አይቀርም፤ ደግሞም ባይቀር ደግ ነው። መንገዱ በጥንታዊ ጽድና በወይራ ጥላ ሥር ያልፋል። የጽዱ ሽታ ከዳገቱ ድካም ጋር ተደባልቆ ገና ሳትደርሱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የገባችሁ ያህል ይሰማችኋል።

በዋሻው አፍ ላይ በቅርብ ዘመን የተሠራ የግንብ አጥር አለ። እውነቱን ለመናገር፥ እኔን ደስ አላሰኘኝም፤ ውስጡን ከዐይን ይጋርዳል። በሩን አልፋችሁ ስትገቡና ዐይናችሁ ጨለማውን ሲለምድ ግን ቅሬታችሁን ትረሳላችሁ። ከፊታችሁ አንድ ሙሉ ሕንፃ ጣራው ከዋሻው ጣራ ሥር ቆሞ ታዩታላችሁ። የላሊበላ 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ከአለት ተፈልፍለው የወጡ መሆናቸውን ታውቃላችሁ። ይህኛው የተፈለፈለ ሳይሆን የተገነባ ነው። ግንበኞቹ አንድ ረድፍ ድንጋይ ገንብተው በነጭ ይመርጉታል፤ በላዩ ወፍራም የእንጨት ሠረገላ ያጋድማሉ፤ ደግሞ ድንጋይ፥ ደግሞ እንጨት። ስለዚህ ግድግዳው ከሩቅ ሲያዩት ነጭና ጥቁር ጥለት ያለው ጋቢ ይመስላል። ይህ ጥበብ ከአክሱም ዘመን የወረደ ነው፤ በትግራይ የሚገኘው የደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያንም በዚሁ ዐይነት የተሠራ ነው። እንጨቱ ከ800 ዓመት በላይ ሳይበሰብስ የቆየው ዋሻው ዝናምና ፀሐይ ስለ ከለከለለት ነው። ውስጡን የገባ ሰው አንገቱ እስኪታመም ወደ ጣራው ያንጋጥጣል፤ መስቀሉ፥ ሐረጉ፥ እንስሳቱና አዕዋፉ በእንጨቱ ላይ ተሥለዋልና። የፖርቱጋል መልእክተኞችን ተከትሎ እ.ኤ.አ. በ1520 ወደ አገራችን የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም ይህን ዋሻ አይቶ ጽፎለታል።

ከጎኑ ያለውን ሁለተኛ ቤት «የንጉሡ ቤተ መንግሥት» ይሉታል። የጎንደርን ግንብ ያየ ሰው በዚህ ስም ይደነቅ ይሆናል፤ አንድ የባላገር ቤት ያህል እንጂ ከዚያ የሚበልጥ አይደለም። እኔ ግን ከግንቦቹ ሁሉ ይልቅ በልቤ የቀረው ይህ ነው። ንጉሡ በእውነት በዚህ አድረው ከሆነ፥ ጧት ከበራቸው ወጥተው መቅደሱ ለመድረስ ጥቂት እርምጃ ብቻ ይበቃቸው ነበር። ከበስተ ኋላ መቃብራቸው አለ፤ ከዚያም ባሻገር በጨለማው ውስጥ የብዙ ሰዎች ዐፅም ተከምሮ ይታያል። ከግብፅና ከሶርያ ጭምር መጥተው በዚያ ያረፉ ተሳላሚዎች ናቸው ይባላል። በዚያ ብዙ አልቆምሁም።

በመጨረሻ አንዱን አረጋዊ ካህን፥ «አባ፥ ባሕሩ የት ነው?» አልኋቸው። ንጉሡ በሐይቁ ላይ እንጨት ረብርበው፥ አፈር ደልድለው ቤተ ክርስቲያኑን እንዳቆሙት ከአባቶች የሰሙትን ነገሩኝ። ከዚያም በወለሉ ላይ ወዳለች አንዲት ጠባብ ቀዳዳ ወሰዱኝ። ተንበርክኬ አየሁ። ያየሁት እርጥብ ጥቁር ጭቃ ነው። እጄን ሰድጄ ብነካው ቀዘቀዘኝ። ጆሮዬንም አስጠግቼ ረጅም ጊዜ አዳመጥሁ፤ የሰማሁት ግን የራሴን የደም ትርታ ብቻ ነበር።

ስመለስ መንገዱን ሁሉ ከራሴ ጋር ስሟገት መጣሁ። ዐይኗ የደከመ እናትን «አዎን፥ ባሕሩን አየሁት፤ ድምፁንም ሰማሁ» ብሎ ማስደሰት ምን ክፋት አለበት? እርሷ ሄዳ አታረጋግጥ፤ ሌላ የሚያስተባብለኝም የለም። ነገር ግን የላከችኝ እንዳይላት ነው፤ ዐይኔን ብቻ ተውሳ ሳለ ሌላ ነገር አይቻለሁ ማለት አስፈራኝ።

ከአጠገቧ ተቀምጬ እንዲህ አልኋት፦ «እምዬ፥ ውኃ አላየሁም። ድምፅም አልሰማሁም። ያየሁት ጭቃ ብቻ ነው።»

ጥቂት ዝም አለች። እኔም አንገቴን ደፋሁ። ከዚያ ሣቋን ሰማሁ።

«አንተ ልጅ፥ ውኃ የሌለበት ጭቃ አይተህ ታውቃለህ?» አለችና እጄን ያዘች፤ ቀዳዳውን የነካሁበት ይህ እጅ መሆኑን ጠይቃኝ፥ መሆኑን ስነግራት በሁለት እጇ ጨብጣ አቆየችው። ቀጥላም በዳገቱ ላይ የነበሩት ጽዶች እስከ ዛሬ ቆመው እንደ ሆነ ጠየቀችኝ። «አሉ» አልኋት።