የኪነት ዕቃ

አኮርዲዮን ሲባል ትዝ የሚለኝ የቀበሌ ኪነት ነበር። ታኅሣሥ 1984 ዓ.ም. ሞስኮ ተማሪ ሳለሁ፣ ከአውራ ጎዳና ሥር ባለ የእግረኛ መተላለፊያ፣ አንድ ሽማግሌ በባያን (የሩሲያኖቹ ባለ ቁልፍ አኮርዲዮን ነው) ባኽን ይጫወታሉ። የግራ እጃቸው ቁልፎች የተዘጋጀ ኮርድ ሳይሆን ነጠላ ድምፅ ነው የሚያወጡት። ስለዚህ ግራው ቀኙን አያጅብም፤ የራሱን ዜማ ይዞ ይከተለዋል። ባኽ የሞተው እ.ኤ.አ. በ1750፣ አኮርዲዮን ቪየና ላይ የተመዘገበው በ1829 ነው። ታዲያ ምን አለበት? ኦርጋኑስ የሚተነፍሰው በወናፍ አይደል!

ያኔ ግን ‹‹ይኼ የኪነት ዕቃ!›› ብዬ ከጓደኛዬ ጋር ሳቅን። ሽማግሌው ጣታቸውን ሳያቆሙ ቀና ብለው አዩን። ከዓመታት በኋላ መምህር ሆኜ፣ በአዝማሪ ግጥም ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ ሊሠራ የመጣን ተማሪ ‹‹ሥነ ጽሑፍ አምጣ እንጂ!›› ብዬ መለስኩት።