መስኮት ዳር

ደብረ ብርሃን ላይ ኅዳር ሲገባ ማን ከየት እንደመጣ ለማወቅ መጠየቅ አያሻም፤ ልብሱን ማየት ይበቃል። ከአሳይታ የተመደበው ፍሬሽማን ሹራብ በሹራብ ላይ ደርቦ፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ አውርዶ፣ የእጅጌውን ጫፍ ጎትቶ እስክሪብቶውን በጨርቅ ይዞ ይጽፋል። አጠገቡ ያለው የመንዝ ልጅ በሸሚዝ ተቀምጦ «ኧረ ታፈንን!» ይልና እጁን ወደ መስኮቱ ይሰዳል። «ተው እንጂ ወንድሜ፣ ልትገድለኝ ነው?» መምህሩ ሰሌዳው ላይ ናቸው፤ ክርክሩ በሹክሹክታ ይቀጥላል።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ምደባ ውጤትና ምርጫ ያያል፤ ከፍታ አያይም። የአሳይታው ልጅ ክልል መዲና ሰመራ ከባሕር ጠለል በላይ 430 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደብረ ብርሃን 2,800 ገደማ። 1,000 ሜትር በወጡ ቁጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳልና፣ ልጁ ክፍል የገባው በአንድ የአውቶቡስ ጉዞ 14 ዲግሪ ገደማ ጥሎ ነው። ሰመራ የደረሰው ደገኛም በተራው ያንኑ ያህል ይከፍላል፤ እሱ የሚሻማው ከቬንትሌተሩ ሥር ያለችውን ወንበር ነው።

ለዚህ ጣጣ ቀመር ያበጀለት ፋንገር የተባለ ዴንማርካዊ መሐንዲስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ ስድስት ነገሮችን አስልቷል፦ የአየሩን ሙቀት፣ ከግድግዳና ከጣሪያ የሚመጣውን ሙቀት፣ ነፋሱን፣ እርጥበቱን፣ ሰው የለበሰውንና የሚሠራውን። የመረመራቸውም የአሜሪካና የዴንማርክ ተማሪዎችን ነበር። «የት አደግህ?» የሚል ጥያቄ ግን ቀመሩ ውስጥ የለም። ቢሆንም ሁሉ ነገር ተመቻችቶ እንኳ ከመቶው አምስቱ እንደሚያጉረመርሙ ቀመሩ ራሱ ያምናል።

እ.ኤ.አ. በ1998 ደግሞ ዴ ዲርና ብሬገር የተባሉ ተመራማሪዎች ከየአገሩ የተሰበሰበ መረጃ ይዘው ብቅ አሉ፦ መስኮቱን ራሱ የሚከፍትና የሚዘጋ ሰው፣ ማሽን አየሩን ከሚቆጣጠርለት ሰው ይልቅ ሰፋ ያለ ብርድና ሙቀት ይችላል።

የእኛ ልጆች ይህን ሳያነቡ ኖረውታል። አልገጥም ባለ መስኮት ካርቶን ይወትፋሉ፤ ላይብረሪ ጋቢ ደርበው ይገባሉ፤ በእረፍት ሰዓት ፀሐይ የመታውን ግድግዳ ተደግፈው ይደረደራሉ። በሁለተኛው ሴሚስተር የአሳይታው ልጅ አንዱን ሹራብ አውልቋል።

ሕንፃ የሚነድፍ ባለሙያ ለሁሉም የሚመች አንድ ዲግሪ ፍለጋ ባይደክም ይሻላል። የሚከፈት መስኮት፣ የማይሰበር መቀርቀሪያና ፀሐይ የሚገባበት በረንዳ ይስጥ፤ የቀረውን ልጆቹ እየተጨቃጨቁም ቢሆን ይጨርሱታል።