ነገሥታት የወደቁበት ልብስ

በስቶክሆልም አሮጌው ሰፈር፣ በጋምላ ስታን፣ ጠባቡን የድንጋይ መንገድ ተከትዬ ወደ ስዊድን ነገሥታት ቤተ መንግሥት ደረስኩ። ጎብኚው ሁሉ የዘቦቹን ቅያሪ ለማየት ግቢው ውስጥ ተሰብስቧል። እኔ ግን ልቤን ጥዬ የመጣሁት ከቤተ መንግሥቱ ሥር፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ነው። ስፍራው ሊቭሩስትካማረን ይባላል፤ የነገሥታቱ የጦር ዕቃ ግምጃ ቤት ነው።

ደረጃውን ወርጄ ቅስቶቹ ሥር ስገባ ብርሃኑ ደብዘዝ አለ። ቁሩ፣ ጥሩሩ፣ በወርቅ ያጌጠው ጎራዴ በየመስታወቱ ተደርድሯል። የዘውድ በዓል ሰረገሎችም አሉ። ያም ሆኖ ዓይኔን የያዘው ደም የነካው ጨርቅ ነበር።

ንጉሥ ጉስታቭ 2ኛ አዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1627 ከፖላንድ ጋር ሲዋጋ ሁለት ጊዜ ቆሰለ። በዓመቱ፣ በ1628፣ የቆሰለባቸው ልብሶች ለዘለዓለም መታሰቢያ በግምጃ ቤቱ እንዲቀመጡ አዘዘ። ሙዚየሙ ዕድሜውን የሚቆጥረው ከዚያ ትእዛዝ ጀምሮ ነው፤ በስዊድንም ቀዳሚው ሙዚየም ይባላል። ቁስሉን ከትውልድ ያልደበቀ ንጉሥ መሆኑን ሳውቅ ወደድኩት።

ጥቂት እልፍ ብል ዳማ ፈረስ ቆሞ አገኘሁ፤ ስትራይፍ ነው፣ የንጉሡ የመጨረሻ ፈረስ። በእኛ አገር ጀግናው በፈረሱ ስም ይጠራል፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው ተብለዋል። እዚህ ግን ፈረሱ ነው የሰው ስም የያዘው፤ ለንጉሡ በ1,000 ሪክስዳለር በሸጠው ኮሎኔል ስም ተጠራ። በኖቬምበር 1632፣ በጀርመን ምድር በሉትዘን ጦር ሜዳ፣ ጭጋጉና የባሩዱ ጢስ ሲቀላቀል፣ ሩቅ አጥርቶ የማያየው ንጉሥ ከወገኖቹ ተነጥሎ ጠላት መሃል ገባ። በጥይትና በጎራዴ ወደቀ። ስትራይፍም ቆስሎ ነበር፤ በተከታዩ ዓመት ሞተና ቆዳው ወደ ስዊድን ተላከ።

ንጉሡ ያን ቀን ብረት ጥሩር አልለበሰም። የ1627ቱ ጥይት ከሰውነቱ ስላልወጣ ብረቱ ሲጫነው ያመው ነበር፤ ስለዚህ ወፍራም የቆዳ ካፖርት ለብሶ ዘመተ። ካፖርቱ አሁን ከፊቴ ነው፤ ቀዳዳዎቹ ሳይደፈኑ ይታያሉ። ገዳዮቹ ገፈው ለቪየናው ንጉሠ ነገሥት ስላቀረቡት ወደ 300 ዓመት ገደማ በምርኮነት ኖሯል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የስዊድን ቀይ መስቀል የተቸገረውን የኦስትሪያን ሕዝብ ረዳ፤ ኦስትሪያም ስለ ውለታው በ1920 ካፖርቱን ለባለቤቶቹ መለሰች። ይህን ሳነብ ከቦታዬ መነቃነቅ አቃተኝ።

ቀጥሎ ካርል 12ኛ አለ። በ1718 በኖርዌይ የፍሬድሪክስተንን ምሽግ ከብቦ ሳለ ጭንቅላቱን ተመትቶ ሞተ፤ ባርኔጣው ጥይቱ የበሳውን እንደያዘ ተቀምጧል። ጥይቱ ከጠላት ይምጣ ከወገን ስዊድኖች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። በጉስታቭ 3ኛ ሞት ግን ክርክር የለም። በማርች 1792፣ በኦፔራ ቤት የጭምብል ዳንስ ምሽት፣ አንካርስትሮም የተባለ የመኳንንት ወገን ከጀርባው ተኮሰበት፤ ንጉሡ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ሞተ። የለበሰው ልብስና ጭምብሉ ተጠብቀዋል፤ የገዳዩ ሽጉጦችም እንዲሁ።

በየአገሩ የነገሥታት ዕቃ የሚታይባቸው ቤቶች ሞልተዋል፤ አብዛኞቹ የሚያሳዩት ድልን ነው። ሊቭሩስትካማረን ንጉሥም እንደ ማንም እንደሚደማ ይናገራል፤ ለዚህ ነው የወደድኩት። የካፖርቱ መመለስ ደግሞ የአገሬን ነገር አስታወሰኝ፤ የለንደኑ ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም በ2019 የዐፄ ቴዎድሮስን ፀጉር ለኢትዮጵያ ሲያስረክብ የሠራው ከኦስትሪያ ሥራ ጋር አንድ ነው። ከመቅደላ የተዘረፈው ግን ገና ብዙው በባዕድ እጅ ነው። የመሪ ቅርስ የሚገባው ከሕዝቡ ዘንድ ነውና፣ የያዙትም ይመልሱ፣ እኛም መጠየቅ አናቋርጥ።